ስፒኮን ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ

ሳውንድ የምታከራዩ፣ አዳራሽም ሆነ ድንኳን ውስጥ ፓወር አምፕሊፋየር የምታሰሩ፣ ይቺን ሳታነቡ ስፒኮን፣ ማለትም የስፒከር ገመድ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን፣ ተሰክቶ ዞሮ የሚቆለፈውን ኮኔክተር፣ እንዳትገዙ።

ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሰርግ ሥራ ነበረን። ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሲደራ የቀኙ ስፒከር ቆረጥ ቆረጥ አለና ጭራሽ ጠፋ። አምፕሊፋየሩ ራሱን ከጉዳት ሲከላከል የሚያበራውን ቀይ የፕሮቴክት መብራት አበራ። ከጀርባው ስፒኮኑን ልነቅል ስይዘው ፈጀኝ፤ ፕላስቲኩ ለስልሶ እንደ ማስቲካ ተሳበ። የሙሽራው አጎት ራሴ ላይ ቆመው "ኧረ ልጄ፣ በሰው ፊት አታዋርደን!" ይላሉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት 20 ፍሬ ስፒኮንና አንድ ጥቅል ገመድ እዚሁ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ነበር። ዋጋው የኦርጅናሉን ሲሶ አይሞላም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ሻጩ "ስሙን አንብበው ወንድሜ፣ ኑትሪክ ነው" አለኝ። አነበብኩት፣ ተጽፏል። የኑትሪክ፣ የሊክተንስታይኑን አምራች ማለቴ ነው፣ ባለ አራት ኮንታክት (ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት ምላስ) ስፒኮን በአንዱ ኮንታክት 40 አምፒር ያለማቋረጥ ይሸከማል። እኔ የገዛሁት ከኑትሪክ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

ማታ ቤት ፈታሁት። ናስ መሆን የነበረበት ኮንታክት ማግኔት ላይ ልጥፍ አለ፤ ቀለም የተነከረ ብረት ነው። ብሎኑ ካቻቢቴ ሲነካው ተላጠ፤ ለካ ሽቦውን ድሮም አልነከሰውም። 800 ዋት በ4 ኦም ስፒከር ላይ 14 አምፒር ገደማ ነው። የላላው ቦታ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪኩ እንቅፋት) ብቻ ቢኖረው፣ 14 በ14 ተባዝቶ እንደገና በ0.1 ሲባዛ ወደ 20 ዋት ሙቀት ይመጣል። ትንሽ የብየዳ ካውያ ኮኔክተሩ ውስጥ ቀብራችሁ ሰርግ እንደማዋል ነው። ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሁሌ ያን ያህል አይሞቅም፤ ግን ሰርግ ቤት ማን ዝቅ ያስደርጋል?

ገመዱም ያው ነው። አንዷን ክር በምላጭ ስፍቃት ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ፤ መዳብ የለበሰ አልሙኒየም። ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር እውነተኛ መዳብ 20 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.28 ኦም ገደማ ነው፣ ይሄኛው ከ0.4 ያልፋል። በዚያ ላይ አልሙኒየም ብሎን ስር እየተጨፈለቀ ይላላል፣ ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይብስበታል።

ስለዚህ የተበላሸ ስፒከር የማግኔት ስባሪና አንድ ምላጭ ኪሳችሁ ይኑር። ኮንታክቱን ከሳበ መልሱለት፤ ብሎኑን ወይም የመቆለፊያውን ሞላ ቢስብ ግን ግድ የለም። ሰክታችሁ ስታዞሩት ቀጭ ብሎ ይቆለፍ፤ ተቆልፎም ከተወዛወዘ ተዉት። ፈትቼ ልየው ስትሉት የሚያኮርፍ ሻጭ፣ እንዳኮረፈ ይቅር።

"በቃ በጃክ እሠራለሁ" የሚሉ አሉ፤ እሱም አያዋጣም። 6.35 ሚሊሜትሩ ጃክ ሲሰካና ሲነቀል ፕላስና ማይነሱን ለቅጽበት ሊያነካካ ይችላል፤ አምፕሊፋየሩ በርቶ ከሆነ ሾርት ነው። ረዳቶችም ከጊታር ገመድ ጋር ያምታቱታል። ባናና የሚባለው መሰኪያ ለሳሎን ቤት ጥሩ ነው፣ እግር የሚበዛበት ቦታ ግን ይነቀላል።

ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ነበር። "ደረሰኝህስ?" አለኝ። የለኝም። የተረፉት 16ቱ እኔው ጋር አሉ፤ ማግኔት ላይ ሲለጠፉ ማየት የፈለገ ቱሉ ዲምቱ ብቅ ይበል።