ከደሴ ግሸን በእግር፦ ጥቅምት ወይስ የካቲት?

ከደሴ ግሸን በእግር ለመሄድ ካሰባችሁ መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ወሩን በደንብ ምረጡ። እኔ ሳላቅማማ ጥቅምትን እላለሁ።

ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ምንጩም አልነጠፈም፤ ስለዚህ ብዙ ውሃ ተሸክሞ መጓዝ የለም (የምንጩን ውሃ ግን አክማችሁ ጠጡ)። አየሩ ስለሚጠራ ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ስታዩ ከተማዋ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሐምሌ ላይ ቢሆን ጉሙ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንኳ አያሳያችሁም። ችግሩ የሌሊቱ ብርድ ነው። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የግሸን አምባ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ሳትይዙ እንዳትወጡ። ወሩ ሲገባ ደግሞ ጥላ የበዛበትን ቁልቁለት ተጠንቀቁ። ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ስትረግጡት ግን ጭቃው ጫማችሁን ይዞ ያስቀራል።

የካቲትስ? መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቀኑም ሞቅ ይላል። ግን ወሎ በልግ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናቡ መጣ ሲሉት ይቀራል፣ ቀረ ሲሉት ይወርዳል። ገበሬው በጉጉት የሚጠብቀው ዝናብ ነውና ይምጣ፣ ለመንገደኛ ግን አያመችም። በዚህ ወር ከሄዳችሁ አቋራጭ ብላችሁ የተዘራ ማሳ አትርገጡ፣ እባካችሁ።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄድ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ወር አይመርጥም። ኮምቦልቻ ዙሪያ ብቻ ለምትንሸራሸሩ ደግሞ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ታኅሣሥና ጥርም ይመቻል።