ሲያትል ያለው የበረራ ሙዚየም፣ ከአባዬ ጋር እና ያለ አባዬ

ሲያትል፣ ቦይንግ ፊልድ አጠገብ ያለው የበረራ ሙዚየም ስንቴ እንደሄድኩ ቆጥሬ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ከአባዬ ጋር፣ ወልጄም ከአባዬ ጋር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሱ ሄድኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ። ይህን የምጽፈው ሲያትል ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ "ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?" ለሚል ሰው ነው። ከዚያ በላይ ግን ዕድሜውን አውሮፕላን ላይ የጨረሰ አባት ወይም አያት ቤቱ ላለው ሰው ነው።

አባዬ ኢንጂነር ነበር። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ አየር መንገድ፣ ጥገና ክፍል። ከዚያ እዚህ መጥቶ ጡረታ እስኪወጣ ኤቨረት፣ ቦይንግ ፋብሪካ። ቤት ውስጥ ወሬ አያበዛም። "ሥራ እንዴት ዋለ?" ስንለው "ደህና" ነበር መልሱ። ከደመወዙ ለአያቴ ይልካል፣ የእህቶቹን ልጆች ያስተምራል፣ የእኛን የቤት ሥራ ማታ ማታ አንድ በአንድ ያያል። ስለ ራሱ ግን ምንም። የዚህ ሙዚየም በር ላይ ሲደርስ አንደበቱ ይፈታል። እኔ አባቴን ያወቅኩት እዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሬድ ባርን ጀምሩ። ቀይ የእንጨት ቤት ነው። በ1909 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጀልባ መሥሪያ ሆኖ የተሠራ፣ በኋላ የቦይንግ የመጀመሪያ ፋብሪካ የሆነ። በ1975 ቤቱን እንዳለ ጀልባ ላይ ጭነው በወንዝ ወደዚህ አመጡት። ውስጡ የድሮ ክንፍ አሠራር ይታያል። የእንጨት አጥንት፣ ላዩ ላይ የተሰፋ ጨርቅ። አባዬ እዚያ ጋ ሁሌም ይቆማል። "አየሽ፣ ይህን ሥራ የጀመሩት አናጺና ሰፊ ናቸው" ይለኛል።

የጦር አውሮፕላኖቹን ክፍል እኛ ቶሎ ነው የምናልፈው። አባዬ አይወደውም ነበር። ለሚወድ ሰው ብዙ ነገር አለው።

ዋናው ነገር ከመንገዱ ማዶ ነው። በድልድይ ተሻግራችሁ ትሄዳላችሁ። ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ሰፊ ቦታ ነው። ጃኬት ያዙ፣ ይበርዳል። በ1969 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የመጀመሪያው ቦይንግ 747 ራሱ እዚያ ቆሟል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የበረሩበት አውሮፕላንም አለ፣ ውስጡ ይገባል። ከድምፅ በላይ ይፈጥን የነበረው የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ኮንኮርድም አለ። በ2003 ወደዚህ ሲመጣ ከኒው ዮርክ ሲያትል አራት ሰዓት አልፈጀበትም። ውስጡ ግን ጠባብ ነው፣ መስኮቱ የእጅ መዳፍ ያክላል።

አባዬ የሚመጣው ግን ለቦይንግ 787 ነበር። እዚያ ያለው ሦስተኛው የተሠራው፣ ለሙከራ የበረረው ነው። የ787 አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ፋይበርን ከመሰለ ድብልቅ ነገር የተሠራ ነው። እንደ ጨርቅ ተደራርቦ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣ በሙቀት የሚበስል። ችግሩ፣ ንብርብሩ ውስጥ ለውስጥ ቢላቀቅ ከላይ ላይታይ ይችላል። ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ትልልቅ መሣሪያ አለ። ግን አንዱ መንገድ በሳንቲም ማንኳኳት ነው። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው ይታፈናል።

አባዬ ይህን ሲያስረዳኝ አያቴን አነሳ። "እናቴ ገበያ ምጣድ ስትገዛ አንስታ በጣቷ ኳ ኳ ታደርጋለች። ጆሮዋን ታስጠጋለች። የተሰነጠቀ ከሆነ ሻጩ ምንም ቢምል አትገዛም። እኔም ያንኑ ነው ስሠራ የኖርኩት" አለኝ። ቤት ውስጥም ሲያንኳኳ ነው የኖረው። የእማዬን ድፎ ዳቦ ገልብጦ ኳ ኳ። ሐብሐቡን ኳ ኳ። አዲስ ጀበና ሲገዛማ አይነገርም። አንዲት ጠርዟ የተበላች ኳርተር (የአሜሪካ ሃያ አምስት ሳንቲም) ነበረችው፣ ሁሌ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ።

በ2012 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ የመጀመሪያውን 787 ሲረከብ፣ አባዬ ከሥራ መጥቶ ነጭ ሸሚዝ ቀየረ። እማዬ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ አፈነዳች። ጎረቤት ተጠራ። ስለ አውሮፕላኑ ሁለት ቃል እንኳ አልተናገረም፣ ግን ሦስተኛው ድረስ ቁጭ ብሎ ጠጣ። እሱ ከአንደኛው አያልፍም ነበር።

ሙዚየሙን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው በበጎ ፈቃደኞቹ ነው። ብዙዎቹ በአውሮፕላን ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት 787 በር ላይ አንድ አዛውንት ቆመው ነበር። ልጄ ቀረብ ብሎ "አያቴ ይህን ሠርቷል" አላቸው። እሳቸው "ጎበዝ" ብለው አላለፉትም። ጎንበስ ብለው "የትኛውን ክፍል?" ብለው ጠየቁት። ልጄ የሳንቲሙን ነገር ነገራቸው። ሳቁና እሳቸውም ማንኳኳቱን እንደሚያውቁት ነገሩት። ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ ቢያንስ አምስት ሰዓት ያዙ። ምቹ ጫማ አድርጉ። የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገቡ ስለሆነ ልጆቹ መስኮት ጋ ቆመው የሚነሳና የሚያርፍ ይመልከቱ። አባዬ 767 ሲያይ በ1984 የእኛ አየር መንገድ አዲሱን 767 ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ እንዳገባው፣ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ፣ እንደ አዲስ ይነግረናል። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ አታጣድፉት። አንድ ብሎን ፊት ሩብ ሰዓት ቢቆም ይቁም።

ከአምስት ኮከብ አምስት ሰጥቻለሁ።

የሚቀጥለው ወር ሙት ዓመቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን፣ ዘመድ አዝማዱን ምሳ አብልተን፣ ከሰዓት ልጆቹን ይዘን ወደዚያ እንሄዳለን። ኳርተሯ አሁን ልጄ ኪስ ውስጥ ናት።