ባለ ሞተሩ የውሻ ጥፍር ሞረድ፦ አንድ ክረምት ከሠራ በኋላ

ጅማ ውስጥ በግቢ የሚውል ውሻ ጥፍሩ በራሱ አያልቅለትም። ኮብልስቶን ላይ ከሚመላለሰው በቀር ክረምቱን ሙሉ የሚረግጠው ጭቃና ሣር ነው። ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ ካለ ረዝሟል ማለት ነው።

ሞረዱ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ፣ ባለ ሁለት ፍጥነት ነው። ሁለት ዓይነት ጫፍ አለው፤ አንዱ የብርጭቆ ወረቀት ጥቅልል፣ ሌላው አልማዝ ቅብ። ጥቅልሉ ለጅማ ክረምት አይሆንም። እርጥብ ጥፍር ሲነካው ብናኙ ተለጥፎ ይደፍነዋል፤ የተደፈነ ወረቀት ደግሞ መሞረዱን ትቶ ጥፍሩን ያግለዋል። አልማዝ ቅቡ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየተጠረገ እስካሁን ስለቱ አልሞተም። እሱም ቢሆን እግሩ በጨርቅ ተጠርጎ በደንብ ካልደረቀ በቅጡ አይሠራም።

ውሻው የሚሸሸው ድምፁንና ሙቀቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን እግሩን ሳያስነኩ እያስጮሁ ቁራሽ ሥጋ መስጠት፤ እስኪለምደው ጥቂት ቀን ቢወስድም አያስቸኩልም። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ጣቱን ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ከጥፍሩ ጫፍ በታች በኩል በ45 ዲግሪ ግድም አዘንብሎ ሁለት ሰከንድ ነካ አድርጎ ማንሳት። ሲጫኑት ቶሎ አይጨርስም፤ ጥፍሩ ይግላል፣ ሞተሩም ይደክማል። ጥቁር ጥፍር ላይ የደም ሥሩ ከውጭ አይታይም፤ ጫፉን እያዩ ሲሞርዱ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ነጥብ ብቅ ካለ እዚያው ማቆም ነው። ከደማ የበቆሎ ስታርች ጭኖ ጥቂት ደቂቃ መያዝ ይበቃል።

ጸጉራም ውሻ ከሆነ ቀጭን ስቶኪንግ አልብሶ ጥፍሮቹን በስቶኪንጉ በስቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጸጉሩ በሚሽከረከረው ጫፍ ላይ ይጠመጠማል። ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ያለው ጥፍር መሬት ስለማይነካ ፈጽሞ አያልቅም፤ ከተረሳ ታጥፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ብናኙም ስለሚሸት ሥራው ደጅ ቢሆን፣ ማስክም ቢደረግ ይሻላል።

በጣም ለረዘመ ጥፍር ይህ መሣሪያ ብቻውን አይሆንም፤ ጫፉን በመቁረጫ ቀንሶ በሞረድ ማለስለስ ይቀላል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከተሞረደ የደም ሥሩ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ደካማ ጎኑ ባትሪው ነው፤ ከወራት በኋላ የመጨረሻዎቹ ጥፍሮች ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል። መብራት ስለማይታመን ከዋዜማው ሞልቶ ማደር ይሻላል። ሲገዙም መለዋወጫ ጫፉ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን መጠየቅ ነው።