ማትሪጄል፦ ቤታ ሴል ለሚያሳድግ ቤተ ሙከራ ያዋጣል?

ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ማትሪጄል፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴል የሚያርፍበት ጄል፣ ተገላቢጦሹ ነው። በረዶ ላይ እንደ ማር ይፈስሳል፣ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ መርጋት ይጀምራል፣ በ37 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ጄሊ ይሆናል። ይህን ጠባይ ያልያዘ ሰው ለሳምንታት የሚንከባከበውን ሴል ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በደቂቃዎች ቸልተኝነት ያበላሸዋል።

እዚህ የሚገመገመው ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ለሰው ስቴም ሴል (ወደ ሌላ የሴል ዓይነት መለወጥ ለሚችል ሴል) ፈትኖ የሚሸጠው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ነው (የካታሎግ ቁጥር 354277)። የሚለካውም በአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የሰውን ስቴም ሴል አሳድጎ ኢንሱሊን ወደሚያመነጭ የቆሽት ቤታ ሴል በመለወጥ።

ዕቃው የሚወጣው ኤንግልብሬት-ሆልም-ስዋርም ከሚባል የአይጥ ዕጢ ነው። ዕጢው ሴሎች የሚያርፉበትን የፕሮቲን ምንጣፍ በገፍ ስለሚሠራ ያንን ምንጣፍ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ከፕሮቲኑ 60 በመቶ ገደማ ላሚኒን፣ 30 በመቶ ገደማ ኮላጅን 4 ነው፤ የቀረው ኤንታክቲንና ሌላ ሌላው። ስቴም ሴል ባዶ ፕላስቲክ ላይ አይቆምም፤ ላሚኒን ሲያገኝ ግን ጨብጦ ይቀመጣል። ቀድሞ ከሥሩ የአይጥ መጋቢ ሴሎች ይነጠፉለት ነበር። የሰው ፅንስ ስቴም ሴል ማትሪጄል ላይ ብቻውን ተቀምጦ እንደሚያድግ የታየው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ብልቃጡ በደረቅ በረዶ ታሽጎ ይላካል። ሳጥኑ ሲከፈት በረዶው አልቆ ከተገኘ መጠርጠር ነው። ማስቀመጫው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ነው፤ በረዶውን በራሱ የሚያራግፈው ዓይነት ግን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል አይሆንም። ለማቅለጥ ብልቃጡን በረዶ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ቀብሮ ባልዲውን ከነበረዶው ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ፍሪጅ ብቻውን አይታመንም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ጠዋት ብልቃጡን በዝግታ እያዞሩ ማዋሃድ ይበቃል፤ ከነቀነቁት አረፋ ይሞላል። ቀለሙ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ጥቁር ቀይ ሆኖ ቢገኝ አያስደነግጥም፤ ውስጡ ያለው ፌኖል ሬድ የተባለ ቀለም ነው።

ቀጥሎ በትንንሽ ቱቦ መክፈል ነው። ቱቦውም የፒፔቱ ጫፍም ቀድመው ፍሪዘር ውስጥ መቀዝቀዝ አለባቸው። በክፍል ሙቀት የዋለ ጫፍ ማትሪጄሉን ግድግዳው ላይ ስለሚያረጋው የተለካው ሁሉ ቱቦው ውስጥ አይገባም። ስንት ይከፈል? ይህን የሚወስነው ከእያንዳንዱ ባች (በአንድ ጊዜ ከተመረተ ዕቃ) ጋር የሚመጣው የምስክር ወረቀት ነው። ብዙውን ጊዜ 300 ማይክሮ ሊትር አካባቢ ነው፤ ያ መጠን 24 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ዲኤምኢኤም/ኤፍ12 በተባለ የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ (ሚዲየም) ውስጥ ይበጠበጣል ማለት ነው። ለአንድ ጉድጓድ 1 ሚሊ ሊትር ሲደረግ ባለ 6 ጉድጓድ ሳህን አራት ይሸፍናል። ስለዚህ አንዱ ብልቃጥ 16 ቱቦ ገደማ፣ ማለትም ከ380 በላይ ጉድጓድ ያወጣል። በጉድጓድ ሲያሰሉት ዋጋው ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ያህል አያስጨንቅም። ያለፈውን ባች ቁጥር ለአዲሱ መጠቀም ግን የተለመደ ስህተት ነው፤ መዘዙ የሚታየው ሴሉ ከሳህኑ ሲላቀቅ ነው።

የቀዘቀዘውን ቱቦ ለመጠቀም እጅ ውስጥ ማሟሟት አያስፈልግም። 1 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ሚዲየም ላዩ ላይ ጨምሮ በፒፔት እየሳቡ እየመለሱ፣ የቀለጠውን ወደ ቀሪው ሚዲየም ማዛወር ነው። ሳህኑ ላይ ተደርጎ በክፍል ሙቀት 1 ሰዓት ይቆያል። ለዚያው ቀን ካልተፈለገ በፓራፊልም ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 7 ቀን ይቀመጣል፤ ሊጠቀሙበት ሲሉ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ማውጣት ነው። ፈሳሹ የሚመጠጠው ሴሉ ተዘጋጅቶ እጅ ላይ ካለ በኋላ ነው። የደረቀ ጉድጓድ አይድንም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክር ክር የሚል ወይም የተቆራረሰ ነገር ካለ ሳይዘረጋ ረግቷል፤ ሴሉም እዚያ ላይ ተከማችቶ ሌላውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። የረጋ ብልቃጥ በረዶ ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቆይ ተመልሶ ይፈስሳል። ለቤታ ሴል ሥራ ግን ያን ከማዳን መጣል ይሻላል።

ስስ ሽፋን እንጂ ወፍራም ጄሊ የማይፈለገው ለምንድን ነው? በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው፣ ሴሉ ከሳህን ሳይነሳ የሚሠራበት ዘዴ ምክንያቱን ያሳያል። ሴሉ ጠንካራ ወለል ላይ ሲቀመጥ የአክቲን ክሮቹ ይወጠራሉ፤ ያ ውጥረት ኒውሮጄኒን 3 የተባለው ጂን ያለ ጊዜው እንዳይነሳ ይይዘዋል። ጂኑ መነሳት ያለበት ፒዲኤክስ1 እና ኤንኬኤክስ6.1 የተባሉት የቆሽት ሴል ምልክት ፕሮቲኖች በሴሉ ውስጥ ከታዩ በኋላ ነው፤ ከቀደመ ውጤቱ እውነተኛ ቤታ ሴል ሳይሆን የተደባለቀ ሆርሞን የሚያመነጭ ሴል ይሆናል። ወፍራም ማትሪጄል ደግሞ ለስላሳ ወለል ነው። ሴሉ የሚለወጠው በደረጃ በደረጃ ነው፤ አምስተኛው ደረጃ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውጥረቱ እንቅፋት ስለሚሆን ለ24 ሰዓት 1 ማይክሮ ሞላር ላትረንኩሊን ኤ ተጨምሮ ክሮቹ ይበተናሉ። ስለዚህ "ትንሽ ብጨምር ሴሉ ይበልጥ ይይዛል" ብሎ ማወፈር ስሌቱን ከሥሩ ያዛባዋል።

በዚህ ዘዴ ባለ 6 ጉድጓድ ሳህን ላይ ለአንዱ ጉድጓድ 5 ሚሊዮን ገደማ ሴል፣ 10 ማይክሮ ሞላር ዋይ-27632 (የተነጣጠለ ሴል እንዳይሞት የሚረዳ ኬሚካል) ካለበት ሚዲየም ጋር ይዘራል። ከ24 ሰዓት በኋላ ወለሉ በሙሉ ካልተሸፈነ አለመጀመር ነው። የመጀመሪያው ቀን ለውጡን የሚያስጀምሩት አክቲቪን ኤ 100 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር እና ቺር99021 3 ማይክሮ ሞላር ይሰጣል። ያን ጊዜ ብዙ የሞተ ሴል ተንሳፎ ይታያል፤ የማትሪጄሉ ጥፋት አይደለም። የማትሪጄሉ ጥፋት የሚታየው ከሦስተኛው ደረጃ ወዲያ ነው፤ ሽፋኑ ከጠርዙ ይላቀቅና እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል። ያኔም ዕቃውን ከመክሰስ በፊት ሚዲየሙ እንዴት እንደሚጨመር ማየት ይበጃል፤ በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል በዝግታ ካልወረደ የትኛውም ሽፋን ይነሳል።

የሃርቫርዱን የ2014 ዘዴ የሚከተሉ ሰዎች ብዙ ብልቃጥ ማዘዝ የለባቸውም። እዚያ ሴሉ ማማሰያው በደቂቃ 70 ጊዜ በሚሽከረከርበት ዕቃ ውስጥ እንደ ትንንሽ ኳስ ተንሳፎ ነው የሚለወጠው፤ የሚለጠፍበት ወለል የለም።

ትልቁ ቅሬታ የባች ልዩነት ነው፤ ቅሬታውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የፕሮቲን ትንተና ማትሪጄል ውስጥ ከ1,000 በላይ የተለያዩ ፕሮቲኖች አግኝቷል። ከእነሱ አንዱ ቲጂኤፍ-ቤታ ነው፤ ከአክቲቪን ጋር በሴሉ ውስጥ አንድ የመልእክት መንገድ ይጋራል። የምርምሩ ጥያቄ በዚህ የመልእክት መንገድ ላይ ከሆነ የእድገት ፕሮቲኖቹ የተቀነሱበትን ዓይነት መግዛት ወይም ጨርሶ ወደ ሌላ መሄድ ነው። ሴሉ ወደ ታካሚ ሰውነት የሚገባ ከሆነም ከአይጥ ዕጢ የወጣ ወለል ላይ መጀመር በኋላ ራስ ምታት ያመጣል።

አማራጩ ምንድን ነው? ጌልትሬክስ ከዚያው ዕጢ ነው፤ የስቴም ሴሉ ዓይነት 1 ለ100 ይበጠበጣል፣ የባች ስሌት የለውም፤ ለጀማሪ የሚቀለው እሱ ነው። ቪትሮኔክቲን ከአይጥ ነፃ ነው፤ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.5 ማይክሮ ግራም ይበቃዋል። ስቴም ሴሉን ለማባዛት ጥሩ ነው፣ ግን አያያዙ ላላ ስለሚል ለረጅሙ የቤታ ሴል ጉዞ አያስተማምንም። ላሚኒን 521 አጥብቆ ይይዛል፣ ነጠላ ሴል እንኳን ይቀመጥበታል። ዋጋው ግን ይቆነጥጣል፤ ደግሞም ካልሲየምና ማግኒዥየም ባለበት ፒቢኤስ (የቤተ ሙከራ የጨው ውሃ) ካልተበጠበጠ በደንብ አይዘረጋም። መደርደሪያ ላይ ያለውን ተራ ፒቢኤስ አንስቶ መጠቀም ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ለዕለት ተዕለት ምርምር ማትሪጄል አሁንም መግዛት ያዋጣል፤ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። አንዱ የተቀነሰው በባቹ ምክንያት ነው። ከማዘዝ በፊት ከሁለት ወይም ከሦስት ባች ናሙና ጠይቆ በራስ ሴል መሞከር ነው። በመጀመሪያው ደረጃ መጨረሻ ሶክስ17 እና ፎክስኤ2 የተባሉት ምልክት ፕሮቲኖች በአንድነት ያላቸው ሴሎች 90 በመቶ አካባቢ መሆናቸውን በፍሎ ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚቆጥር መሣሪያ) ማየት፣ ከዚያ በአራተኛው ደረጃ መጨረሻ ፒዲኤክስ1 እና ኤንኬኤክስ6.1ን መቁጠር፣ ያሸነፈውን ባች የዓመት ፍጆታ ያህል በአንድ ጊዜ ማስያዝ። የባቹን ቁጥር ከእያንዳንዱ ሙከራ ማስታወሻ ጎን መጻፍም አይዘንጋ፤ ውጤቱ ከስድስት ወር በኋላ ሲወርድ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።