በላይተር ስለጨለመ ብቻ የብየዳ ማስክ አትግዙ

ባሕር ዳር ውስጥ ከሹም አቦ እስከ አባይ ማዶ በርና መስኮት የምትበይዱ፣ ጣና ዳር የብረት ጀልባ የምትሠሩ፣ ይህን አንብቡና ለረዳቶቻችሁም አስተላልፉ። «አውቶማቲክ» እየተባለ በርካሽ ከሚሸጠው የብየዳ ማስክና መነጽር መካከል ዓይን የማይከላከል አለ። ሻጩ ላይተር ይለኩሳል፣ መስታወቱ ይጨልማል፣ ገዢው ይከፍላል። መስታወቱ መጨለሙ ግን ዓይናችሁ ለመጠበቁ ማረጋገጫ አይደለም።

የማስኩ መስታወት ተደራራቢ ነው። መካከሉ ላይ ሊኩዊድ ክሪስታል የሚባል ፈሳሽ በሁለት ስስ መስታወቶች ተይዟል፤ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ብቻ ስለሆነ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ከፊቱና ከኋላው ፖላራይዘር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ፊልም፣ ተለጥፏል። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ ሞለኪውሎቹ ተጠማዘው ስለሚቆሙ ብርሃኑም አብሯቸው ዞሮ ያልፋል። ሴንሰሩ የብየዳውን ብልጭታ ሲያይ ሰርኪዩቱ ጥቂት ቮልት ይለቅበታል። 5 ቮልት በ5 ማይክሮን ላይ ሲያርፍ በሜትር 1 ሚሊዮን ቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። ሞለኪውሎቹ ወደ መስኩ አቅጣጫ ቀጥ ይላሉ፣ ብርሃኑ መዞሩን ያቆማል፣ ሁለተኛው ፖላራይዘር ይዘጋበታል። በደህና ማስክ ይህ ሁሉ በሰከንድ 1/25,000 ያልቃል። ጥሩ ሰርኪዩት ቮልቱን ያለማቋረጥ እያገላበጠ ይሰጣል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተሰጠ ፈሳሹ ይበላሽና መስታወቱ ነጠብጣብ ያወጣል።

የኤሌክትሪክ መስኩ የሚቆጣጠረው ግን ዓይን የሚያየውን ብርሃን ብቻ ነው። በዓይን የማይታዩትን አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ ጨረሮች የሚያግደው ከፊት ያለው፣ በጣም ስስ በሆኑ ንጣፎች የተለበጠው መስታወት ነው። እሱ ባትሪ አይፈልግም፤ ሴንሰሩ ቢዘገይም ባትሪው ቢሞትም ሥራውን ይሠራል። ዋጋ የሚያስወጣውም እሱ ስለሆነ አጭበርባሪው መጀመሪያ የሚያስቀረው እሱን ነው። እሱ ሲቀር ጉዳቱ እጥፍ ነው፦ ፊታችሁ ሲጨልም የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ የማይታየው ኢንፍራሬድ ደግሞ በተከፈተው በር ይገባል። ኢንፍራሬድ ሲያቃጥል ስለማያምም ማንም ቶሎ አይነቃበትም።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ የቴሌቪዥን ሪሞት ኪሳችሁ ክተቱ። የሞባይላችሁን የፊት ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙራችሁ አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ስክሪኑ ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ታያላችሁ። ካልታየ ያ ካሜራ ኢንፍራሬድ አያይም ማለት ነው፣ ሌላ ስልክ ሞክሩ። ከታየ የማስኩን መስታወት በሪሞቱና በካሜራው መካከል አስገቡና ቁልፉን ደግማችሁ ተጫኑ። ትክክለኛ ማስክ ከሆነ ብልጭታው ይጠፋል። መስታወቱን አልፎ እየታየ ከቀጠለ ማስኩን ለሻጩ መልሱለት፤ ዋጋ ቀነሰላችሁም አልቀነሰ አትግዙት። ፖላራይዘሩም ሊኩዊድ ክሪስታሉም ኢንፍራሬድን በደንብ ስለማያግዱ፣ ጨለመም አልጨለመም ብልጭታው ካለፈ ልባጩ የለም ማለት ነው።

ለአልትራቫዮሌቱ የብር ኖት መፈተሻ መብራት ይበቃል። ነጭ ወረቀት ላይ ስታበሩት ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ መስታወቱን በመብራቱና በወረቀቱ መካከል ስታስገቡ ያ ማብራት መጥፋት አለበት። ይህ ፈተና ግን መጥፎውን ለመጣል እንጂ ጥሩውን ለመመስከር አይሆንም፤ ፖላራይዘሩ ብቻውን ጨረሩን ሊቀንስና ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ቀጥሎ የጥቁረት ቁጥሩ አለ። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር የሚያልፈው ብርሃን ወደ 2.7 ጊዜ ይቀንሳል። 8 ቁጥር ከ1,000 እጅ አንዱን ሲያሳልፍ፣ 11 ቁጥር ከ19,000 እጅ ገደማ አንዱን ያሳልፋል። ስለዚህ «11» ተጽፎበት 8 የሆነ ማስክ 19 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ከ60 እስከ 160 አምፔር በኤሌክትሮድ ለሚሠራ 10 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ እስከ 250 አምፔር 12 ቁጥር ይመከራል። ለመፈተን 11 ቁጥር የሆነ ተራ ጥቁር መስታወት አጠገቡ ያዙ። ማስኩን 11 ላይ አድርጉ፣ ሴንሰሩን በላይተር አጨልሙት፣ የስልክ መብራትን በሁለቱም በኩል ተመልከቱ። በማስኩ በኩል መብራቱ ጎላ ብሎ ከታየ ቁጥሩ ውሸት ነው። ትንሽ ወደ ጎን አዘንብላችሁም እዩ፤ በርካሹ አንዱ ጥግ ይነጣል። በምንም ምክንያት ፀሐይ እያያችሁ አትፈትኑት።

መስታወቱ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። 4/9-13 ካለ ሳይጨልም 4፣ ሲጨልም ከ9 እስከ 13 ማለት ነው። እንደ 1/1/1/2/379 ባለ ጽሑፍ ውስጥ 379 የአውሮፓ መለኪያ ቁጥር ነው፤ ከፊቱ ያሉት አራቱ የጥራት ደረጃዎች ናቸው፣ 1 ምርጡ ነው። ጽሑፉ ካርቶኑ ላይ ብቻ ኖሮ መስታወቱ ላይ ከሌለ ተጠራጠሩ። መስታወቱ ላይ ቢኖርም እንኳ ማተም ቀላል ነውና ሪሞቱን አትዝለሉ።

«ሶላር ነው፣ ባትሪ አይፈልግም» ሲሏችሁ የባትሪ ክዳን ፈልጉ። ብዙዎቹ ውስጣቸው የታሸገ ባትሪ አለ፤ ሲያልቅ ማስኩ ይጣላል። ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባትሪ የሚቀየርበት ክዳን ያለው ይሻላል። ጠርዙንም ዳስሱ፦ በደንብ ካልታሸገ ክረምት ላይ የጣና እርጥበት ይገባና በንጣፎቹ መካከል አረፋ ይወጣል።

ደህናውን ማስክ ገዝቶም የሚጎዳ አለ። እኛ ጋ ብዙው ሥራ ደጅ ስለሆነ ፀሐዩ ሴንሰሩን እየነካ ማስኩ ያለ ብየዳ ይጨልማል፤ ያኔ ሰው የሴንሰሩን ስሜት (ሴንሲቲቪቲ) መጨረሻ ድረስ ዝቅ ያደርገዋል። ከሰዓት ጥላ ሥር ገብቶ ስስ ላሜራ በ50 አምፔር ሲበይድ ማስኩ አይጨልምም። በየሥራ ቦታው ስሜቱን እስከ ላይ ከፍ አድርጉ፣ ከጨለመ ጨለማው እስኪለቅ ድረስ ብቻ ቀንሱ፣ እዚያው አቁሙት። ከግራይንደር ሥራ በኋላም የማስኩን ቁልፍ ወደ ብየዳ መመለስ አትርሱ፤ ግራይንደር ላይ ከቀረ ጨርሶ አይጨልምም።

የገዛችሁት ካለና በሪሞቱ ከወደቀ ደረሰኙን ይዛችሁ ዛሬውኑ ሂዱ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ብየዳ ዓይን ሲመታ ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ሌሊት ነው፤ አሸዋ የገባ ይመስላል። ድንችም ወተትም አታድርጉበት፣ የሚያደነዝዝ ጠብታም ከመንገድ ገዝታችሁ አትጨምሩ፤ ጨለማ ቤት አርፉና ጠዋት ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትክክለኛ አውቶማቲክ እስክታገኙ ደግሞ 108 በ51 ሚሊ ሜትር የሆነውን ተራ ጥቁር መስታወት በእጅ ማስክ ተጠቀሙ፤ እሱንም በሪሞቱ ፈትሹት።