የኤርሊክ ሪኤጀንት ኪት፦ ኢንዶልን ያሳያል፣ ሲሎሳይቢንን ግን አይለይም

የኤርሊክ ሪኤጀንት፣ ማለትም ቀለም በመቀየር ንጥረ ነገር የሚያሳይ ፈሳሽ፣ በትንሽ ማንጠብጠቢያ ጠርሙስ ተሞልቶ ብዙ ጊዜ «የሲሎሳይቢን መመርመሪያ» ተብሎ ይሸጣል፤ ሲሎሳይቢን አንዳንድ እንጉዳዮች የሚሠሩት አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ነው። ፈሳሹ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ያለው መለያው ላይ ነው። ጠብታው ወይን ጠጅ ሲሆን የሚነግረን «እዚህ ኢንዶል አለ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ኢንዶል በብዙ ውህዶች ውስጥ የሚገኝ፣ ናይትሮጅን ያለበት የካርቦን ቀለበት ነው። የትኛው ኢንዶል እንደሆነ፣ ምን ያህል እንዳለ፣ እንጉዳዩ መርዛማ ይሁን አይሁን አይነግርም። አእምሮን የሚለውጡ እንጉዳዮች አልካሎይዳቸውን ከምን ተነስተው እንደሚሠሩ ያወቀ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

መነሻው ትሪፕቶፋን ነው፤ በሰውም በእንስሳም በእንጉዳይም ፕሮቲን ውስጥ ያለ ተራ አሚኖ አሲድ። የሲሎሳይቤ ወገን እንጉዳዮች በአራት ኢንዛይሞች ደረጃ በደረጃ ይለውጡታል። መጀመሪያ ፕሲ-ዲ የተባለው ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቆርጦ ያወጣና ትሪፕታሚን ያደርገዋል። ፕሲ-ኤች በቀለበቱ ቁጥር 4 ላይ ኦክስጅን ያስገባል። ፕሲ-ኬ ከኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) የወሰደውን ፎስፌት እዚያው ኦክስጅን ላይ ይለጥፋል፤ ኖርቤዮሲስቲን የሚባለው ይህ ነው። በመጨረሻ ፕሲ-ኤም ሁለት ሜቲል የተባሉ ትናንሽ የካርቦን ቡድኖች ይጨምራል። የመጀመሪያው ሲገባ ቤዮሲስቲን፣ ሁለተኛው ሲገባ ሲሎሳይቢን ይሆናል። አልበርት ሆፍማን ባዝል በሚገኘው የሳንዶዝ ቤተ ሙከራ ሲሎሳይቢንን ለይቶ ያወጣው በ1958 ነበር። የኢንዛይሞቹ ቅደም ተከተል ግን እስከ 2017 ድረስ በትክክል አልታወቀም፤ በዚያ ዓመት ያኒስ ፍሪከ፣ ፌሊክስ ብላይና ዲርክ ሆፍማይስተር ከጀርመን ዬና አሳወቁት። ፎስፌቱ ከሜቲሉ ቀድሞ መግባቱ ትልቅ ትርጉም አለው፦ ፎስፌቱ የወረደለት ሲሎሳይቢን፣ ማለትም አእምሮ ላይ የሚሠራው ሲሎሲን፣ በአየር ቶሎ ይበላሻል፣ ፎስፌት የተሸከመው ሲሎሳይቢን ግን ይቆያል።

አሁን ሪኤጀንቱን ከዚህ ሰንሰለት ጎን እናስቀምጠው። ውስጡ ያለው ፓራ-ዳይሜቲልአሚኖቤንዛልዲሃይድ ጠንካራ አሲድ ባለበት የኢንዶሉን ቁጥር 2 ካርቦን ይይዛል፤ ቀለም ያለው ውህድ የሚፈጠረውም በዚህ መያያዝ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ካሉት ኢንዛይሞች አንዱም ቁጥር 2ን አይነካም። የጎን ጭራው ቁጥር 3 ላይ ነው፣ ፎስፌቱ ደግሞ ቁጥር 4 ላይ። ስለዚህ ትሪፕቶፋን፣ ትሪፕታሚን፣ ቤዮሲስቲን፣ ሲሎሲን፣ ሲሎሳይቢን ሁሉም ከሪኤጀንቱ ጋር ቀለም መስጠት ይችላሉ። መነሻውንና የመጨረሻውን ምርት በቀለም መለየት አይቻልም። ይህ የፈሳሹ ጉድለት አይደለም፤ ፓውል ኤርሊክ በ1901 ለሽንት ምርመራ ያቀረበው ሪኤጀንት ሥራው ይኸው ነው።

ጥሩ ኪት ውስጥ መኖር ያለበት፦ ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ የተዘጋጀበት ቀን፣ የአሲዱ ዓይነት፣ የአደጋ ምልክት። ቀኑ ያልተጻፈበትን አትግዙ። በፎረንሲክ ቤተ ሙከራ የሚሠራበት የታወቀ ቀመር 2 ግራም ፓራ-ዳይሜቲልአሚኖቤንዛልዲሃይድ በ50 ሚሊ ሊትር 95 በመቶ ኤታኖልና በ50 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራም አለ፤ ጢሱ ስለሚያንስ ከተጠቃሚ ዓይንና አፍንጫ አንጻር የተሻለ ነው እንላለን። ትኩስ ሪኤጀንት ቀለም አልባ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ነው። ወደ ቡናማ የዞረ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፣ ቀለሙም ውጤቱን ይሸፍነዋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል፣ መስኮት ይከፈታል። ጉድጓዶች ባሉት ነጭ ሸክላ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቦታ ይዘጋጃል። አንዱ ባዶ ሆኖ ሪኤጀንት ብቻ ይንጠባጠብበታል። ሁለተኛው ላይ ትንሽ የትሪፕቶፋን ዱቄት ይደረጋል። ሦስተኛው ላይ የክብሪት ራስ የሚያህል የደረቀና የደቀቀ ናሙና ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ሰዓት መያዝ ነው። ባዶው ቀለም ካወጣ ሪኤጀንቱ ተበላሽቷል፤ ትሪፕቶፋኑ ወይን ጠጅ ካልሆነ ደግሞ ሞቷል ማለት ነው። በሁለቱም ሁኔታ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ የታየው ነገር አይነበብም። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች የሌሉበት ውጤት ግምት ነው፤ ይህን የማይነግር መመሪያ ያለው ኪት ከእኛ ዝቅተኛ ነጥብ ነው የሚያገኘው።

ንባቡ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ይሁን። ቀለሙ ከናሙናው ጠርዝ ጀምሮ እንደ ሮዝ ክር ወደ ፈሳሹ እየተዘረጋ፣ ቀስ እያለ ወደ ወይን ጠጅ ይጠልቃል። ከቆየ በኋላ የሚመጣው ቡናማነት አሲዱ ሥጋውን ሲያቃጥል የሚፈጠር ነው፣ ከኢንዶል ጋር አይገናኝም። ቢጫ ከወጣም አዎንታዊ አይደለም፦ ዩሪያና እንደ ፕሮኬይን ያሉ አሚኖች ከዚሁ ሪኤጀንት ጋር ቢጫ ይሰጣሉ።

እርጥብ ናሙና ሌላው ወጥመድ ነው። ውሃው አሲዱን ያቀጥነዋል፣ አሲዱ ሲቀጥን ቀለሙ ይዘገያል ወይም ይደበዝዛል። ከዚህ የባሰው ሰማያዊ የሆነ ናሙና ነው። እንጉዳዩ ሲጫን ወይም ሲቆረጥ አንድ ኢንዛይም ፎስፌቱን ከሲሎሳይቢን ላይ ያወርዳል፣ ሌላው የተለቀቀውን ሲሎሲን በኦክስጅን እያያያዘ ሰማያዊ ያደርገዋል። ይህ ሰማያዊ በትንሽ ሮዝ ላይ ሲደረብ ዓይን ደማቅ ወይን ጠጅ ያያል። ስለዚህ ከሰማያዊው ርቆ፣ ቀለም ካልነካው ክፍል መውሰድ ይሻላል። ወይም ቁራጩን በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጫን አድርጎ፣ ወረቀቱ ደርቆ፣ በቀረው እድፍ ላይ ማንጠብጠብ። ወረቀቱ ላይ የቀለሙ ድንበር በግልጽ ይታያል።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበን ነገር። ኪቱ ዝም ሲል ደህና ነው ማለት አይደለም። ቀይ ባርኔጣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው አማኒታ ሙስካሪያ አእምሮን ያናውጣል፣ ግን ንጥረ ነገሮቹ አይቦቴኒክ አሲድና ሙስሲሞል ከትሪፕቶፋን አይነሱም። መነሻቸው ግሉታሜት ነው፣ ኢንዶል የላቸውም፣ ሪኤጀንቱም አያያቸውም። ጋለሪና ማርጊናታ የተባለው ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ ደግሞ አማቶክሲን የተባለ መርዝ ይሸከማል። በአማቶክሲን ውስጥ የትሪፕቶፋን ቀለበት አለ፤ ነገር ግን ሪኤጀንቱ የሚይዘው ቁጥር 2 ካርቦን በድኝ ተይዟል። ጉበት የሚያጠፋው መርዝ በጠብታው ፊት እንዲሁ ሊያልፍ ይችላል፤ የሕመሙ ምልክትም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሰው ያልታወቀ እንጉዳይ ከበላ በኪት ጊዜ ማባከን አይገባም፤ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

አንዳንድ ሻጭ የአማቶክሲን መመርመሪያ ብሎ የሚጨምረው የማይክስነር ፈተናም አያስተማምንም። በጋዜጣ ወረቀት ላይ የእንጉዳዩን ጭማቂ አድርቆ የተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በማንጠብጠብ ሰማያዊ መጠበቅ ነው። ሲሎሲንም ራሱ እዚያ ላይ ሰማያዊ ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱን ኪቶች አብሮ መግዛት ጥርጣሬውን አይቀንስም።

ታዲያ ኪቱ ለማን ይረባል? ለማስተማሪያ ቤተ ሙከራ በጣም ጥሩ ነው፦ የሰንሰለቱን ቀለበት ተማሪ በዓይኑ ያያል። ለአደንዛዥ ዕፅ መርማሪም ይረባል፤ ኤልኤስዲ (አእምሮን የሚለውጥ ዕፅ) ነው የተባለ ወረቀት ኢንዶል አለው ወይስ የለውም የሚለውን ቶሎ ይለያል፣ ምክንያቱም ኤንቦም የሚባሉት አደገኛ ምትኮች ኢንዶል ስለሌላቸው ወይን ጠጅ አይሰጡም። ለመብል እንጉዳይ ለሚለቅም ሰው ግን አንመክርም።

የትኛው ኢንዶል እንደሆነ ማወቅ የፈለገ፣ ያንኑ ሪኤጀንት በስስ ንጣፍ ክሮማቶግራፊ ሳህን ላይ ቢረጨው ያዋጣዋል። ውህዶቹ መጀመሪያ በሳህኑ ላይ በየከፍታቸው ይለያያሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ቀለም ያወጣል። ማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውል ክብደት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ቤተ ሙከራም አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ የትሪፕቶፋን ሞለኪውላዊ ክብደት 204.23፣ የሲሎሲን 204.27 ነው። መሣሪያው ወደ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ከሆነ መነሻው ውህድና ንቁው ውህድ አንድ ክብደት ሆነው ይወጣሉ፤ አስቀድሞ በክሮማቶግራፊ መለየት ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ጠርሙሱ ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ በሌላ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ምግብ ያለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ በፍጹም አይገባም። የአሲዱ ጢስ ብረት ይበላል፣ ስለዚህ የብረት ማንኪያና መቆንጠጫ አጠገቡ አይቀመጥ። የፈሰሰውን ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አረፋው እስኪያበቃ ጠብቆ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ዓይን ከነካ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እየታጠቡ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ።