ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ውሃ ሞተር አዘዞ ላይ፦ አንድ በጋ ሙሉ ከሰራንበት በኋላ

ጥቅምት ላይ ነው የገዛነው፣ እኔና አጎቴ ተጋርተን፣ ጎንደር አጠገብ አዘዞ፣ መገጭ ወንዝ ዳር ላለችው የሽንኩርት ማሳ። አሁን ክረምት ስለገባ ሞተሩ ዕቃ ቤት አርፏል፣ እኔም ስለሱ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። ብራንዱን አልጠራም፣ ምክንያቱም ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ የምታዩት ቀይም ሰማያዊም ቢጫም ሁሉ ሲከፈት ውስጡ አንድ ነው፣ የሆንዳን ጂኤክስ የሚባል ሞተር አይቶ ቻይና የሰራው፣ 196 ሲሲ፣ 6.5 የፈረስ ጉልበት ምናምን የሚለው። ዋጋውንም አልጽፍም፣ እስክታነቡት ድረስ ይቀየራል።

ሞተሩ ራሱ ጎበዝ ነው። ሰው «ይሄ የቻይና ነገር አይረባም» ሲል የምሰማው ግን በጋውን ሙሉ ሳየው የሞተሩ ጥፋት ሳይሆን የመሳቢያው ጎማ ጣጣ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ውሃ አይመጣም፣ ሰውየው ካርቡሬተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ይፈታል። ኧረ ካርቡሬተሩ ምን አደረገ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ላይ መሳብ 8 ሜትር፣ መግፋት 30 ሜትር፣ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ይላል። መጀመሪያ ነገር 30 ሜትር እየገፋ 60 ሜትር ኩብ አይሰጥም፣ ወይ አንዱን ነው ወይ ሌላውን፣ ሽቅብ በገፋ ቁጥር ውሃው ይቀንሳል፣ ይሄን ሻጩ አይነግራችሁም። ሁለተኛው ደግሞ ለኛ አገር ትልቁ ጉዳይ ነው፣ ፓምፑ ውሃ አይጎትትም፣ ጎማው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣና ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከውጪ ያለው የአየር ግፊት ነው። ባህር ጠለል ላይ ያ ግፊት ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል፣ እኛ ጋ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ 8 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል፣ ያውም በወረቀት ላይ። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 8 ሜትር እኛ ጋ ከ6 በታች ነው፣ ጎማው ከረዘመና ከተጠማዘዘ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ጥቅምትና ህዳር ላይ መገጭ ገና ሙሉ ስለሆነ ይሄ አይታወቅም። ጥር አልፎ የካቲት ሲገባ ወንዙ ሸሸ፣ ገደሉ ረዘመ፣ ውሃው በጎማው ግማሽ ግማሽ እየሆነ መምጣት ጀመረ። አጎቴ «ሞተሩ ደከመ» አለ። እኔ ከመነካካታችን በፊት ዝቅ እናድርገው ብዬው ከወንዙ አፋፍ በታች አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ቆፈርንለትና ወደ ውሃው አስጠጋነው፣ የመግፊያውን ሸራ ጎማ አስረዘምን። በቃ፣ ጎማው ተወጥሮ ድንጋይ ሆነ። መግፋት ላይ ያን ያህል አይቸግረውም፣ የሚቸግረው መሳብ ነው፣ ስለዚህ ሁሌ ሞተሩን ወደ ውሃው አስጠጉ፣ ማሳው የትም ይሁን።

ቦታው ጠፍጣፋ ይሁን ያልኩት ለውበት አይደለም። እነዚህ ሞተሮች የዘይት ፓምፕ የላቸውም፣ ታች ያለች ማንኪያ መሳይ ነገር ናት ዘይቱን እየጨለፈች ወደ ላይ የምትረጨው፣ ሞተሩ ተዳፋት ላይ ካጋደለ ማንኪያዋ ዘይቱን አታገኘውም። ዘይት ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያ ያላቸው አሉ፣ የኛው ግን የለውም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሳይነሳ ዘይቱን ማየት ግዴታ ነው፣ ክዳኑን ፈትታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ መልሳችሁ ሳታጠብቁት እንዲሁ ከታችሁ ነው የምታዩት፣ አጥብቃችሁ ካያችሁ ልኩን አይነግራችሁም።

ሌላው የመሳቢያው ጣጣ አየር ነው። መርፌ የምታክል ቀዳዳ መጋጠሚያው ላይ ካለች ፓምፑ ውሃ ትቶ አየር ይጠጣል። ውሃ ከሆነ ይንጠባጠባል ይታያል፣ ይሄ ግን ወደ ውስጥ ስለሚገባ አይታይም። እኛ የምናገኘው በጭቃ ነው። ሞተሩ እየሰራ ፋሼታው (ጎማውን አንቆ የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት) ዙሪያ እርጥብ ጭቃ በእጅ ትለጥፋላችሁ፣ የሚያስገባው እዚያ ከሆነ ጭቃውን ወደ ውስጥ ይሰረጉደዋል፣ ድምፁም ወዲያው ይለወጣል፣ ከቀላል ጩኸት ወደ ከባድ ጉርምርምታ ይወርዳል፣ ያኔ ውሃ እንደያዘ ታውቃላችሁ። መፍትሄው የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ከፋሼታው ስር መጠቅለል ነው፣ አብሮት የመጣው ፋሼታ ስስ ነው፣ አንዱ ገና በመጀመሪያው ወር ተበጠሰ፣ ስትገዙ ወፍራሙን ለብቻው ግዙ።

ጫፉ ላይ ያለውን ማጣሪያ ደግሞ አሮጌ ቅርጫት ውስጥ ከተን ነው ወንዙ ውስጥ የምናስቀምጠው፣ ከስር ድንጋይ አድርገን፣ አሸዋውን እንዳይልሰው። ከላይም በደንብ መጥለቅ አለበት፣ ውሃው ከላዩ መሽከርከር ከጀመረ አየር እየሳበ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ብልሽት ልምጣ። ሞተሩን ለጎረቤት አዋስነው፣ ታላቅ ሰው ናቸው፣ እምቢ አይባሉም። ከሰዓት በኋላ ስሄድ ሞተሩና ፓምፑ መሀል ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ ውሃ ሞልተውበት ነው ያስነሱት?» አልኳቸው።

«እንዴ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ደግሞ እኔ ውሃ ላጠጣው?»

ምን ይባላል። ፓምፑ ሲነሳ ሆዱ ውስጥ ውሃ መኖር አለበት፣ ከላይ ያለውን ክዳን ፈትታችሁ እስኪፈስ ትሞላላችሁ፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ውስጥ ዘንጉ ላይ ሁለት ቀለበቶች ተፋጭተው ነው ውሃውን የሚያግዱት፣ «ሲል» ይሉታል፣ የሚያቀዘቅዛቸውም ያው ውሃው ነው፣ ደረቁን ሲዞር ወዲያው ይቃጠላል። «ሲል» የሚሉት ዕቃ ራሱ ርካሽ ነው፣ መለዋወጫ ቤት አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስመስላችሁ ግዙ። ለመቀየር ግን ፓምፑን ከፍቶ ውስጥ ያለውን ማራገቢያ መሳይ ነገር ከዘንጉ ማላቀቅ ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ ጠብቋል፣ መካኒኩ እንጨት አስደግፎ ነው በመዶሻ የፈታው። አዲሱን ስታስገቡ ፊቱን በእጃችሁ አትንኩት፣ ቅባትና አሸዋ ከነካው ወዲያው ማንጠባጠቡን ይጀምራል። ጋሼ ወጪውን ልክፈል ብለው ነበር፣ አጎቴ እንቢ አለ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ዘይት። ሲገዛ ባዶውን ነው የሚመጣው፣ ይሄን ሳያውቅ ገመዱን የሚስብ ሰው አለ። 0.6 ሊትር ይይዛል፣ ማኑዋሉ ውፍረቱ 10ደብሊው-30 የሆነ ዘይት ይላል። የመጀመሪያው ቅያሪ በ20 ሰዓት ስራ ውስጥ ነው፣ እሱን እንዳትዘሉ፣ እኛ ስንደፋው ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ብረት ነበረው፣ አዲስ ሞተር ሲለማመድ የሚፋቀው ነው። የዘይት ፊልትሮ ስለሌለው ያ ብናኝ የሚወጣው ዘይቱ ሲደፋ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ይላል፣ አቧራ ስለሚበዛ እኛ ከዚያ ቀድመን ነው የምንቀይረው። ሁሌ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ድፉት፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል።

የአየር ፊልትሮውን ስፖንጅ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ትንሽ ዘይት ነክሮ ጭምቅ አድርጎ መመለስ ነው፣ ወረቀቱን ግን በውሃ አትንኩት፣ አራግፉት ብቻ።

ጉልበቱ ላይ ብዙ አትጠብቁ፣ ይጎድላል። እንደዚህ አይነት ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3.5 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ አዘዞ ላይ 6.5 የተባለው ከ5 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይዘልም። አየሩ ስስ ሆኖ ቤንዚኑ ግን ያው ስለሚገባ ጥቁር ጭስ ነበረው፣ ካንዴላው፣ ቤንዚኑን በእሳት ፍንጣሪ የሚያቀጣጥለው፣ በየጊዜው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። መካኒኩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ናስ አጠበብ ባለች ቀየራት፣ ጭሱ ቆመ፣ ቤንዚንም የቆጠበ ይመስለኛል። ቆላ ወርዳችሁ የምትሰሩበት ከሆነ ግን የድሮዋን መልሱ፣ አለዚያ ቤንዚን አንሶት ይግላል። የካንዴላው ክፍተት 0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ነው።

ቤንዚን ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ሙሉ ታንክ 3.6 ሊትር ከሁለት ሰዓት ትንሽ ነው የሚያልፈው። ማደያ በጀሪካን ያለ ደብዳቤ አይቀዱም፣ ደብዳቤ ይዛችሁ ሄዳችሁም ሰልፉ አለ፣ መንገድ ዳር የሚሸጠውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ገዝተን ደግሞ ካርቡሬተሩ ስር ያለችው ትንሽ ኩባያ ውሃና ዝቃጭ ሞላች። እሷ ኩባያ በ10 ቁጥር ቁልፍ ትፈታለች፣ ሞተሩ እየተንተፋተፈ ከጠፋ መጀመሪያ እሷን እዩ። ከዚያ ወዲህ የትም እንግዛው የት፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልለን ነው የምንጨምረው። የሶላር ፓምፕ ያላቸውን በዚህ ብቻ እቀናባቸዋለሁ።

አንድ ነገር በጣም ላስጠንቅቅ፦ የጉድጓድ ውሃ ያላችሁ፣ ውሃው ሲርቅ ሞተሩን ጉድጓዱ ውስጥ አውርዳችሁ አታስነሱ። ከላይ እንዳልኩት አስጠጉ ማለት ወንዝ ዳር ክፍት ሜዳ ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ጭሱ መውጫ የለውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ የሚወርደው ሰውም እሱን ሊያወጣ የሚከተለውም ይቀራሉ። ለጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ፓምፕ ነው ያለው።

አሁን ለክረምት ያደረግነው ይሄ ነው። ቤንዚኑን ከታንኩ ቀዳን፣ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተን ሞተሩን አስነስተን ራሱ እስኪጠፋ ተውነው፣ የካርቡሬተሯን ኩባያም አፈሰስን፣ ቤንዚን ወራት ከተቀመጠ እንደ ሙጫ ይሆናል። የፓምፑን የታችኛውን ብሎን ፈትተን ውሃውን ጨርሶ አወጣን። ካንዴላውን አውጥተን በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨመርንና ገመዱን ቀስ ብለን ሳብ ሳብ አደረግን፣ ካንዴላውን መለስን፣ ገመዱ ጠንከር ሲል እዚያው ላይ አቆምነው፣ ያኔ ቫልቮቹ ዝግ ስለሆኑ እርጥበት አይገባም። ዘይቱንም ቀየርን፣ ያገለገለ ዘይት ክረምቱን ሙሉ ውስጡ ባይከርም ይሻላል።

መሳቢያውን ጎማ ሳናጥፍ ጠቅልለን ከጣሪያው እንጨት ላይ ሰቀልነው። አይጥ ጎማ ትበላለች፣ የማርሚታውንም (የጭስ መውጫውን) አፍ በጨርቅ ወትፈናል፣ አጎቴ ጥቅምት ላይ ረስቶት እንዳያስነሳው ጨርቁን ቀይ አደረግነው።